ፈረስ የተሳለበት ማር

ለተከበሩ የመድኃኒት ቁጥጥር ቢሮ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ለልብዎና ለደም ግፊትዎ። ምኞቴ ከአንጀቴ ነው፤ በቢሮዎ ጥበቃ ሥር ላለን ሰዎች ከምኞት ሌላ የቀረ መከላከያ እንደሌለ በቅርቡ ተረድቻለሁና።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ዕድሜና የመኪና ወንበር ተባብረው ስንፈተ ወሲብ ቢያመጡበት፣ እንደ ደንቡ ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንክብል ታዘዘለት፤ ከሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት ጋር እንዳይደርበውም ተነገረው። ባለቤቴ ቃል አክባሪ ስለሆነ ሌላ መድኃኒት አልደረበም። የደረበው ከጎማ ጠጋኙ ጎን ካለው ሱቅ የገዛውን፣ ፈረስ የተሳለበትንና «ንጹሕ የተፈጥሮ ማር» ተብሎ የተጻፈበትን የፓኬት ማር ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤቱ በር ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ።

ሆስፒታል ስንደርስ ደረቱን ጨምድዶ ይዞ ነበር። ሐኪሟ ምን እንደወሰደ ስትጠይቀው፣ እናቱ ራስጌው ቆመው ስለነበር ምንም እንዳልወሰደ ነገራት። እሷም አምናው፣ ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገውን ኪኒን ልታመጣ ዞረች። ያኔ እፍረቴን ውጬ፣ አማቴ ፊት እንክብሉንም ማሩንም ዘረገፍኩት። ሐኪሟ ኪኒኑን ተወችው፤ በእንክብሉ ላይ ቢጨመር የደም ግፊቱ ወርዶ ላይመለስ ይችል እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ማሩ ውስጥም ያው የእንክብሉ ዓይነት መድኃኒት በድብቅ ሳይገባበት እንደማይቀር፣ ካልተመረመረ ግን በእርግጠኝነት መናገር እንደማትችል አስረዳችኝ። ወደ ቢሮዎ የመጣሁት ለዚህች ምርመራ ነበር፤ ስለተደረገልኝ መስተንግዶም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ማር ምግብ ስለሆነ ጉዳዩ ቢሮዎን እንደማይመለከት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ፈረሱም የተሳለው ለእርሻ ይሆናል።

፪ኛ. ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ተቆጣጣሪዎችዎን ወደ ሱቁ ስለላኩ አመሰግናለሁ። እነሱ በመጡበት ጠዋት፣ ዓመቱን ሙሉ ማር ሲደረደርበት የኖረውን መደርደሪያ ሳሙና ሞልቶት አገኙት፤ ከሰዓት በኋላ ማሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ባለሱቁ የእንግዳ መምጫ በሕልሙ የሚታየው ሰው ካልሆነ በቀር፣ ከቢሮዎ የሚደውልለት ወዳጅ እንዳለው እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬዬ ድፍረት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ በሙያዬ ለክቶ መቁረጥ እንጂ በግምት መስፋት አልለመድኩም።

፫ኛ. ከዚያው ሱቅ ገዝቼ ያስረከብኳችሁ ማር ለምርመራ የሚበቃ ናሙና ስላልሆነ ጉዳዩ መዘጋቱን፣ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። ማኅተሙ በጣም ያምራል።

ባለቤቴ ተርፏል። ይህን ደብዳቤ መጻፌን ሲሰማ እንደሚያኮርፈኝ አውቃለሁ፤ ያኩርፍ። የሚያኮርፈኝ ባል ስላለኝ ደስተኛ ነኝ። ማሩ ግን ዛሬም ይሸጣል፤ የምፈራውም አፍሮ ዝም ላለና የሚናገርለት ሰው አጠገቡ ለሌለ ሌላ የሴት ልጅ ባል ነው። ስለዚህ ማሩ እንዲመረመርና እስከዚያው ከመደርደሪያ እንዲነሳ፣ ከሥራዎ ላይ ጥቂት ጊዜ ተሻምቼም ቢሆን እለምንዎታለሁ።

በታላቅ ትሕትና፣ ወደር በሌለው አክብሮትና ከዕለት ወደ ዕለት በሚያድግ ጥርጣሬ፣

የሹፌሩ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ያስረከብኩት ሙሉ ካርቶን ነበር። ናሙናው አልበቃም ሲባል የቀረው የት እንደገባ አልጠይቅም፤ የሰው ገመና ነው። ብቻ የወሰደው ባልደረባዎ ከሌላ እንክብል ጋር እንዳይደርበው፣ ደረቱን ከያዘውም ለሐኪም እውነቱን እንዲናገር ይንገሩልኝ። ምናልባት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ደግሞ፣ ለባለቤትዎ ዛሬውኑ ይንገሯቸው፤ እርስዎ አፍረው ዝም ሲሉ የሚናገሩልዎት እሳቸው ናቸው።