አባባ ሐረጎ ላይ አስቆሙ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

ዛሬ አባባን ከቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወደ ኮምቦልቻ ቤታችን መለስኳቸው። ፕሮስቴታቸው አብጦ ሽንታቸውን ስለዘጋው ካቴተር የሚሉት የሽንት ቱቦ ገብቶላቸዋል። ነርሷ አስረዳችን፦ ቱቦው ከገባ በኋላ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስ በውሃ ትሞላለች፤ እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ ናት። ሽንቱ በራሱ ጊዜ ወርዶ ከቱቦው ጋር በተያያዘው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ሌላም ዓይነት አለ፤ በየጥቂት ሰዓቱ አስገብተው፣ ሽንቱ ሲያልቅ የሚያወጡት።

«ለሶላትስ የቱ ይሻላል?» አሉ አባባ።

«ዑዝር ነው አባቴ፣ ሕመም ስለሆነ ይፈቀዳል፤ በየሶላቱ ውዱእ እያደረጉ በዚሁ ይስገዱ» አለቻቸው።



አባባ በዚህ በኮምቦልቻ መንገድ ስንት ዘመን ሚኒባስ ነድተዋል! የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሲደርስ ሐረጎ ተራራ ላይ ያቆሙና «ሶላት ያለበት ይስገድ፣ ሽንት ያለበት ይሽና!» ይሉ ነበር። የውዱእ ውሃ ከጀሪካን የማፈስላቸው እኔ ነበርኩ።

ዛሬም እዚያው ስንደርስ የተሳፈርንበትን ሚኒባስ ሹፌር «አቁምልኝ ልጄ» አሉት። ከረጢቱ የሞላ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ግማሽም አልደረሰም። ወርደው «ሽንት ያለበት ይውረድ!» ብለው ተጣሩ። ወንዶቹ ተሳፋሪዎች እየሳቁ ወረዱ። አባባ ከረጢታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ በሩን ይዘው ጠበቋቸው።

ድሮ «ቶሎ በሉ!» እያሉ ተሳፋሪው ላይ ይጮሁ ነበር። ዛሬ ማንንም አላቻኮሉም።