ቀድሜ ያልቀመስኩት ብርጭቆ

ረቡዕ

ጥቁሩ ቢራ ተበላሸብኝ ብዬ ሁለት ቀን አልተኛሁም ነበር። አልተበላሸም! ጠዋት ከታንከሩ ቀድቼ ቀመስኩት፤ የተቆላ ገብስ፣ ትንሽ ጭስ፣ ወደ መጨረሻ የጌሾ ምሬት። እሰይ። የጠላ ሻጭ ልጅ መሆኔ ለዚህች መጥመቂያ ጠቀማት።

ከዚህ ሌላ ደግ ወሬ የለም። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ምክንያት የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል፤ ከስድስት ሠራተኛ የገባነው ሁለት ነን። የመጥመቂያው ባለቤት ከአዲስ አበባ ደውሎ የነገው የቅምሻ ፕሮግራም አይቀርም አለ። በተለይ ኦቦ ገመቹ ይጠሩ። ይህ ግቢ ድሮ የእሳቸው ማሳ ነበር። "እሳቸው አብረውን ከጠጡ ማንም አይነካንም" አለኝ። ሽማግሌውን እንደ አጥር ሊያቆማቸው! ግን ገብሱን ዛሬም የምናመጣው ከእሳቸው ነው፤ የለፉበትን ቢቀምሱት እኔም ደስ ይለኛል።

ሐሙስ

ባለቤቱ በጓሮ መንገድ ሾልኮ ደረሰ። ኦቦ ገመቹም ከአምስት ጎረቤቶች ጋር መጡ። አራት አራት ትንንሽ ብርጭቆ ደረደርኩ። ባለቤቱ ስለ አረፋው፣ ስለ መዓዛው ለፈለፈ። ጥቁሩን ቀድቼ ለኦቦ ገመቹ ሰጠሁ። አነሱት፣ እኔን አዩኝ፣ መልሰው አስቀመጡት።

"ገለቶሚ፣ ልጄ" ብለው አመስግነው ወጡ።

ጎረቤቶቹም ብርጭቋቸውን ትተው ተከተሏቸው። ማታውን ከተማው ሁሉ "ገመቹ የመጥመቂያውን ቢራ አልጠጣም አለ" ይላል። እንግዲህ አለቀልን።

ዓርብ

የኦቦ ገመቹ ልጅ ጫላ መጣ። መምህር ነው፤ ነገር አያዞርም።

"አባዬ ቂም ይዘው አይደለም" አለኝ። "ቀዳሽላቸው፣ ግን ቀድመሽ አልቀመስሽም። ቤት የምቀምስላቸው እኔ ነኝ።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ! የቀዳ ሰው ቀድሞ ጎንጨት ብሎ ነው ለሽማግሌ የሚሰጠው፤ መጠጡ ንጹሕ መሆኑን በራሱ አፍ ያሳያል። ከእናቴ ጠላ ቤት የተማርኩት የመጀመሪያ ነገር እሱ ነው። ባለቤቱ "እንግዳው ፊት አትቅመሺ፣ ነውር ነው" ስላለኝ ረሳሁት። መሬታቸውን በወሰደ ግቢ፣ በዚህ ሰሞን! ምን ይምሰላቸው?

ለጫላ ጥቁሩን ቀዳሁለት፤ ቀድሜ ቀመስኩ። ጠጣና ሳቀ። "የእኛ ገብስ እንዲህም ይሆናል እንዴ?" እሑድ ቤት ይዘሽ ነይ፣ እኔም እኖራለሁ አለኝ። ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ቅዳሜ

ጫላ ሞተ።

ጻፍኩት፤ አሁንም አልገባኝም። ከቀትር በፊት ከገበያው በኩል ተኩስ ነበር። ሰልፍ የወጡ ተማሪዎቹን ወደ ቤት ሊመልስ ወጥቶ ነው አሉ።

መብራትም ጠፍቷል፣ ማቀዝቀዣው ቆሟል። ቢራው ሊበላሽ ነው። ይበላሽ። ባለቤቱ ደውሎ ቆልፈሽ ሂጂ አለ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ሽማግሌው ስለ እኛ ምን ይላሉ አለኝ። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

እሑድ

ጥቁሩን በጀሪካን ይዤ ለቅሶ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ቆሜያለሁ። ለጫላ ነው የምሄደው ወይስ ግቢው እንዳይቃጠል? ለሁለቱም ነው። በራሴ አፈርኩ፣ ሄድኩ።

ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ። ኦቦ ገመቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቀዳሁ። ጎንጨት አልኩና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

"ቀማሼን ገደሉብኝ" አሉ።

ተንበርክኬ አለቀስኩ። "ገብሱ የማን ነው?" አሉኝ።

"የአንቱ ነው፣ አባባ። ጫላም ዓርብ ቀምሶታል።"

"ምን አለ?"

ያለውን ነገርኳቸው፤ መሳቁንም። አንዴ ጎንጨት አሉለት። አልደገሙም፤ ብርጭቆውንም አልመለሱም።

ይህን የምጽፈው ለቅሶ ቤቱ ጓሮ ሆኜ ነው። በጅማ መንገድ በኩል ጭስ ይታያል። የእኛ ግቢ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ሴቶቹ ሄደሽ እዪ አሉኝ። አልሄድኩም። ኦቦ ገመቹ ብርጭቆውን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ናቸው፤ ሲጨርሱ የሚቀዳላቸው ሰው ያስፈልጋል።