ከወይዘሪት ወንበር ሥር የነበረው

ለአባቴ ለአባ ኃይለመለኮት፤

ሰላምታዬ ጉልበትዎን ስሞ ይጀምር። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርድ በገባ ቁጥር የሚጠዘጥዝዎ ወገብዎስ? ጥምቀትን በደኅና አሳለፉ? ባለፈው የላክሁት ጋቢ ደረሰዎ ወይስ እንደ አምናው ለሌላ መነኩሴ ሰጡት? ሰጥተውትም ከሆነ አልቆጣም፤ ብቆጣም ይፍቱኝ። ዓይንዎስ እንዴት ነው? ማንበብ ካስቸገረዎ እባክዎ ይህን ደብዳቤ ለማንም አያስነብቡ። ቀስ ብለው በየቀኑ አንዳንድ ገጽ ያንብቡት። ለምን እንዳልኩ ወደ መጨረሻው ይገባዎታል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ብዬ ደብዳቤ መጀመር ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ብያለሁ። እውነቱን ከጠየቁኝ ግን እህል አልበላ ካለኝ ሳምንት ሆኖኛል።

ሰፈራችን ሊነሣ ነው። እስከ የካቲት መጨረሻ ልቀቁ ተብለናል። ለእኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ኮንዶሚኒየም ደርሶናል፤ ፀሐይ ይገባዋል፣ ውሃም አለው፣ ልጄ የአብስራ ከአሁኑ የትኛው ክፍል የእሷ እንደሆነ ወስናለች። ጋራዡ ግን ፎቅ አይወጣም። ወይዘሪትም አትወጣም። የመጣብን ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ስለ ወይዘሪት እኛ ልጆችዎ የምናውቀውን ልጻፍልዎ፤ ያጎደልኩትን እርስዎ ይሙሉት። በ1962 ዓ.ም. የመንገድ ተቋራጩ ጣሊያን ሲኞር ቤርቶ በምጽዋ ወደብ አስገባት። ሁለት በር ብቻ፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ የማያልፍ፣ ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ የተጋደመ፣ ሰማያዊ። ጠጠር ሆዷን ስለሚፈጅባት ከአስፋልት አትወጣም ነበር ይላሉ። ጣሊያኑ ወደ አገሩ ሲመለስ ለቆዳ ነጋዴው ለአቶ ሰመረ ሸጠላቸው። እሳቸውም ከእርስዎ በቀር ማንም መካኒክ ኮፈኗን እንዳይከፍት አዘዙ። በ1967 የአቶ ሰመረ መጋዘን ሲወረስ መኪናዋ ወደ እርስዎ ስም ዞረች። ውሉ ሽያጭ ይላል፣ ሦስት ምስክር ፈርሞበታል፣ ሊብሬውም ከመመንኮስዎ በፊት የነበረውን ስምዎን ይዟል፤ ባጫ ይላል። አቶ ሰመረ በዚያው ሰሞን በሱዳን በኩል ወጡ። እኛ የምናውቀው ይህን ብቻ ነበር።

ከጓሮ ባለው የቆርቆሮ ክፍል፣ ከአሮጌ ጎማ ክምር ኋላ፣ አቡጀዲ ለብሳ ኖረች። ሳትለብስ ሰው ፊት ስለማትቀርብ ወይዘሪት ያልናት እኔና ወንድሜ እንድርያስ ነን። በዓመት አንድ ቀን፣ ግንቦት ልደታ፣ ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ ንፍሮውን ሲቃመስ እርስዎ ብቻዎን ወደ እሷ ይገቡ ነበር። ሁለት ሽቦ አገናኝተው ያስነሷታል። ሞተሯ ሲያገሳ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ እናታችን ደጅ ሆና ድምፁን ለመሸፈን እልል ትላለች። ከዚያ ያጠፏትና የሾፌሩን ወንበር አንሥተው ጎንበስ ይላሉ። በቆርቆሮው ቀዳዳ እያየን ይጸልያሉ እንል ነበር። መኪና እንዴት ያለ ቁልፍ እንደሚኖር አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።

ወደ ገዳም ሲሄዱ ለእንድርያስ ውክልና ሰጡት፤ ለሁለታችንም ወይዘሪትን ጠብቋት አሉን። ለምንና ለማን እንደሆነ ቢነግሩን ምን ነበረበት? ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። ትንሽ ልወቅስዎም ነው።

ባለፈው ነሐሴ እንድርያስ ፎቶዋን ለአንድ ደላላ አሳየው። በሳምንቱ ዱባይ ካለ መኪና ሰብሳቢ መልስ መጣ። ለካ እንዲህ ያለች መኪና ዘጠኝ ብቻ ተሠርታ ፋብሪካው ተዘግቷል። የእኛዋ ሰባተኛዋ ናት፤ ሰብሳቢዎቹ በሚይዙት መዝገብ ላይ ከስሟ አጠገብ ጠፍታለች ተብሎ ተጽፏል። የተባለውን ዋጋ አልጽፍልዎም፤ ለገዳም ደብዳቤ አይመጥንም። ብቻ እንድርያስ ለእኔ አየር ጤና አካባቢ የራሴን ጋራዥ ከነመኪና መፈተሻ ጉድጓዱ እንደሚከፍትልኝ ማለልኝ። አባቴ፣ ሴት መካኒክ በሰው ግቢ ተከራይታ ስትሠራ የሚደርስባትን ያውቃሉ። ጓጓሁ። በጣም ጓጓሁ።

ሰብሳቢው የሻንሲ ቁጥሯ ጎልቶ የሚታይበት ፎቶ ፈለገ። ቁጥሩ ያለው ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ወለሉ ላይ ነው። በመስከረም ወንበሩን አነሣሁት። ቁጥሩ ላይና ዙሪያውን ጥቁር ነገር ነበረበት። በቤንዚንና በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁት፣ ቁጥሩ ወጣ፣ ፎቶው ተላከ። ለጊዜው ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

በጥቅምት አንዲት ሴትዮ በራችንን አንኳኩ። ከመቀሌ የመጡ መምህርት ናቸው፤ ወይዘሮ ፍረወይኒ ሰመረ። የአቶ ሰመረ ልጅ ናቸው። አባታቸው ካርቱም ሲያርፉ ከማተባቸው ጋር ታስሮ የኖረ ቁልፍ ለልጃቸው ሰጥተው፣ ጌጃ ሰፈር ሂጂና ባጫ የሚባል መካኒክ ጠይቂ ብለዋቸው ኖሯል። ጦርነቱም፣ የመንገዱ መዘጋትም፣ ኑሮውም ከለከላቸውና ዘንድሮ መጡ። መጀመሪያ የጠየቁት መኪናዋን አንድ ጊዜ ማየት ብቻ ነበር። እንድርያስ በሩን ዘጋባቸው። ገርበብ እንኳ አላደረገውም። በኅዳር ከሰሱን።

በእንድርያስ አይፍረዱበት፤ ልጆች አሉት፣ እሱም ቤቱ እየፈረሰ ነው። ሃምሳ ዓመት ዘይት የቀባ ነው ባለቤት፣ ሃምሳ ዓመት ያልጠየቀ ምን ባለቤት ይባላል ይላል። ቁልፍማ የሸጠ ሰው ረስቶ ኪሱ ሊያስቀረው ይችላል ይላል ጠበቃው፤ ውሉ ግን ሽያጭ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል?

ያንገበገበኝ ሌላው ነው። ዳኛዋ ሻጩ ሞተዋል፣ ገዢውስ የት ናቸው ብለው ጠየቁ። ጠበቃው ተነሥቶ፣ ሲመነኩሱ ፍትሐት ተፈትቶላቸዋል፣ ለዓለም ሞተዋል አለ። እንድርያስ ደግሞ ያሉበትን ገዳም እንደማያውቅ ተናገረ። ባለፈው ፋሲካ ጧፍና ዘይት ተሸክሞ እርስዎ ዘንድ የመጣው ማን ነበር? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱን አማሁት እንጂ እኔም እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። በቁምዎ ሲቀብሩዎት ዝም አልኩ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። የቤቱ መካኒክ ስለሆንኩ፣ መኪናዋን ብሎን በብሎን ስለማውቃት፣ የሌላ ሰው ምልክት እንደሌለባት እንድመሰክር ተጠርቻለሁ። ነገ ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወይዘሮ ፍረወይኒ በልደታ ማርያም ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ቆመው አየኋቸው። ልሸሽ ስል ቀድመው ናዝሬት ብለው ጠሩኝ። ልጄ፣ ሰላምታ ምን አደረገሽ አሉኝ። አፈርኩ። እንድርያስ ለቅሶ ሄዶ ስለነበር፣ ምን እንደገፋኝ አላውቅም፣ ይዣቸው ወደ ቤት መጣሁ። ባለቤቴ ኢታና ምንም ሳይጠይቀኝ የታክሲውን ባትሪ ፈትቶ አመጣልኝና ከወይዘሪት ጋር አሰርኩት።

ሴትዮዋ ማተባቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ቁልፉን ከቱት። ገባ። ዞረ። መሪው ላይ ያለው መቆለፊያ ቀጭ ብሎ ተለቀቀና ቀዩ መብራት በራ። አባቴ፣ እርስዎ እነዚህን ዓመታት ሁሉ መሪዋን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዞሩ ኖረዋል ማለት ነው። ሞተሩን አስነሡ አላልኳቸውም፤ እሳቸውም አልሞከሩም። እጃቸውን ዳሽቦርዱ ላይ አድርገው አለቀሱ። ከዚያ አንድ ነገር ነገሩኝ። አባቴ ስለ መኪናው ብዙም አያወራም ነበር፣ የሚያወራው ስለ አባትሽ ነበር፤ ካርቱም ላይ ሰው በከዳው ቁጥር፣ ግድ የለም ጌጃ ሰፈር አንድ ሰው አለኝ ይል ነበር አሉኝ። ባትሪውን ፈታሁና እጄን ለመታጠብ ወጣሁ፤ ጋዝም ቅባትም አልነካኝም ነበር፣ ግን ታጠብኩ።

ለማንም አያስነብቡ ያልኩዎ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ያ ጥቁር ነገር ቅባት አልነበረም። የእርስዎ ጽሕፈት ነበር፤ በመኪና ቀለም፣ በቀጭን ብሩሽ፣ የደንበኛ ስም ዕቃ ላይ በሚጽፉበት አኳኋን። እንዲህ ይል ነበር፦ የአቶ ሰመረ አደራ። ራሳቸው ወይም ዘራቸው እስኪመጣ። ግንቦት 1 ቀን 1967 ዓ.ም.። ከሥሩ መስመሮች ነበሩ፤ በየግንቦቱ አንድ አንድ ያሰመሩት። ጸሎት ያልነው እሱን ኖሯል፤ ሽያጭ የሚለው ውልም መኪናዋ እንዳትወረስ ብቻ ኖሯል። አርባ ስድስት ናቸው። ቆጥሬያቸው ነው የፋቅኋቸው።

አላየሁም እንዳልል አንብቤዋለሁ። አልገባኝም እንዳልል ሁለቴ አንብቤዋለሁ። በዚያን ጊዜ ከሳሽም ጠያቂም አልነበረም። ማን ይመጣል ብዬ ነው፣ ሰውየው ሞተዋል፣ ዘርም ቢኖራቸው ረስቶታል ብዬ ነው። አየር ጤና የሚከፈተው ጋራዤ ዓይኔ ላይ ነበር። ብርጭቆ ወረቀቱን ሳነሣ እጄ መጀመሪያ የሄደው አደራ ወደሚለው ቃል ነው። እንድርያስ ስለዚህ ነገር ምንም አያውቅም። እሱ ውሉን ብቻ ይዞ በቅን ልብ የሚሟገት ይመስለዋል፤ አደራ በላዋ እኔ ነኝ።

ሰኞ ጠዋት ጥቁር ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ገዛሁ። እርስዎ ቁጥር ሲጽፉ እጅዎ እንዴት እንደሚያጋድል አውቃለሁ፤ መልሼ ብጽፈው ማንም አይለየውም ብዬ ወንበሩን አነሣሁ። ብሩሹን ነከርኩት። ከዚያ እጄ አልታዘዝ አለኝ። እውነት ቢሆንም በእኔ እጅ ሲጻፍ ሐሰት ነው። ብሩሹን ለየአብስራ ሰጠኋት፣ ዛሬ የትምህርት ቤት ደብተሯን ሁሉ በጥቁር አበባ ሞልታዋለች።

ምን ላድርግ ብዬ አልጠይቅዎም። ይህን ደብዳቤ ጎረቤታችን ዳዲ ከነገ ወዲያ ለንግሥ ሲመጣ ይዞልዎ ይመጣል፤ ሲደርስዎ ችሎቱ አልፏል። አስቀድሜ መጻፍ እችል ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት፤ ምክንያቱም እርስዎ የሚሉኝን አውቀዋለሁ፣ ከሰማሁት ደግሞ ማምለጫ የለኝም። አሁን ሳልሰማውም ማምለጫ አጣሁ።

ነገ ቀኝ እጄን አንሥቼ ከማልኩ በኋላ ጽሑፉን ቃል በቃል እናገራለሁ። ማን እንደፋቀው፣ ለምን እንደፋቀው እናገራለሁ። እርስዎ በሕይወት እንዳሉና የት እንዳሉም እናገራለሁ፤ ስለዚህ አንድ ቀን የፍርድ ቤት መጥሪያ የያዘ ሰው የገዳሙን በር ቢያንኳኳ አይደንግጡ። ዳኛዋ ያምኑኝ እንደሆነ አላውቅም። ጽሑፍ የፋቀች ሴት በቃሏ ልትተካው ስትል ማን ያምናታል? ማስረጃ አጥፍተሻል ብለው እኔን ሊይዙኝም ይችላሉ። እፈራለሁ አባቴ። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ግን አቶ ሰመረ በካርቱም ሆነው አንድ ሰው አለኝ ሲሉ የነበረው እርስዎን ነው፤ ያ ሰው ሐሰተኛ ሆኖ እንዳይቀር ከእኔ በቀር የሚናገር የለም።

ይፍቱኝ። ልጅዎ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ ንስሐ እንደምትገባ እንደ ማንኛዋም ሴት ይፍቱኝ።

ለአበምኔቱና ለመነኮሳቱ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። ኢታና ጫማዎን ይስማል፤ ነገ ታክሲውን አቁሞ ከእኔ ጋር ችሎት እንደሚቀመጥ ንገሪልኝ ብሏል። የአብስራ አያቴ ጺሙ ስንት ስንዝር ደረሰ ትላለች፤ መልሱን በዳዲ ይላኩላት። ወይዘሮ ፍረወይኒ፣ የአባቴን ሰላምታ ሃምሳ ዓመት ዘግይቼ አደርሳለሁና እንዳይቀየሙኝ ብለዋል። እንድርያስ መጻፌን አያውቅም። ነገ ከችሎት ስንወጣ ሰላም እንደማይለኝ፣ ምናልባትም ለብዙ ጊዜ እንደማይለኝ ስለማውቅ፣ የእሱን ሰላምታ ዛሬ፣ ገና ወንድሜ እያለ፣ እኔው አድርሼልዎታለሁ።

ልጅዎ ናዝሬት ባጫ
ጌጃ ሰፈር፣ ልደታ፣ አዲስ አበባ
ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.