አንድ ጊዜ አገልግላለች፤ ትወገድ

ድሬዳዋ፣ ኅዳር 14 ቀን 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ጓድ ክፍሉ፣ በሰፈራችን በከዚራ የጥርስ ክሊኒክ የመሣሪያዎች ገምጋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤናና በሙሉ ጥርስ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ሁለተኛው ጎድሎኝ ነው እንጂ እኔም ደኅና ነኝ።

ኮሚቴዎ ከመስከረም ጀምሮ የጥርስ ልክ የሚወሰድባቸውን፣ አንድ ጊዜ ተሠርቶባቸው የሚጣሉትን የፕላስቲክ መርፌዎች ሲገመግም የእኔን አፍ ስለ መረጠ አመሰግናለሁ። መርፌዋ አትወጋም፤ ሊጥ የመሰለ ነገር በቀሩት ጥርሶቼ ዙሪያ ታፈሳለች፤ ሊጡ ሲጠነክር ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ቅርጽ ይወጣል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ፤ አራት ጊዜ ተደርጎልኛልና። ጥርሱ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. በመጀመሪያው ቀን፣ አፌ በሊጥ እንደ ተሞላ፣ ዶክተር አብዱሰመድ ስለ መርፌዋ ያለኝን አስተያየት ጠየቁኝ፤ እኔም በአፍንጫዬ «ምም» አልኩ። በቃለ ጉባኤው ላይ «ታካሚዋ ያለ አንዳች ተቃውሞ ደግፋለች» ተብሎ ተጽፏል። ሐሳቤን በተሟላ ዐረፍተ ነገር ስላስቀመጡልኝ ባለ ዕዳ ነኝ። ቅርጹም የመርፌዋ የሥራ ውጤት ነው ተብሎ በስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ለጉብኝት ቀርቷል።

2ኛ. በሁለተኛው ቀን የመርፌዋ መግፊያ ተጣበቀ። ሊጡ አፌ ውስጥ እየደረቀ ሳለ ሦስት ሐኪሞች ሂስና ግለ ሂስ አካሄዱ፤ ጥፋቱም «አፉ ለአዲስ አሠራር ያለው ዝግጁነት ማነስ» ሆኖ ተገኘ። አፌ ስህተቱን ተቀብሏል።

3ኛ. የመዝገብ ቤቱ ጓድ ኢስማዒል ለእያንዳንዷ መርፌ እንደ ታካሚ ካርድ ያወጡላታል። ትንሽ ዕቃ ናትና «እሷ» ማለታቸው በሰዋስው አያስነቅፋቸውም፤ ነገር ግን ካርዷን ከእኔ ካርድ ጋር አቀያየሩት። በመርፌዋ ካርድ «በደንብ ታጥባ ማክሰኞ ትመለስ» ተባለ፤ በእኔ ካርድ ላይ «አንድ ጊዜ አገልግላለች፤ ትወገድ» የሚል በማኅተም ጸና። በዚህ ዘመን ይህን ቃል ከስሜ አጠገብ ሳነብ ወንበር መጠየቄን አልሸሽግም። የሦስተኛው ቀን ቅርጼ ከነፋይሌ ተወገደ። መርፌዋ ግን ታዛዥ ናት፤ ታጥባ ተመለሰች፤ በአንድ የመልካ ጀብዱ ነጋዴ አፍም ውስጥ እንደ ሠራች ሰምቻለሁ።

4ኛ. እኔ የተወገድኩ ስለሆንኩ አራተኛውን ልክ ያስወሰድኩት መርፌዋ ስትጠራ «አቤት» ብዬ ነው። ቅርጹ አምሮ ወጣ። በስሟ ስለ ተመዘገበ ግን ጥርስ ሠሪው ለመርፌ ጥርስ አልሠራም ብሏል። እርሱ በክሊኒኩ ውስጥ ካገኘኋቸው ሁሉ አስተዋዩ ሰው ነው።

ክቡር ሆይ፣ የምቸኩለው ሥጋ አምሮኝ አይደለም። በመሠረተ ትምህርት ሠላሳ አንድ እናቶችን አስተምራለሁ። ፈተናቸው ታኅሣሥ 10 ቀን ነው፤ የቃል ጽሕፈቱን የማነብላቸው እኔ ነኝ። የፊት ጥርስ ስለሌለኝ «ሰማ» ስል «ሸማ» ይወጣል። ቀኑን ገበያ ውላ የምትመጣው ተማሪዬ ሃሊሞ፣ «እትዬ፣ እኔ የምጽፈው የነገሩኝን ነው፤ በልብዎ ያሰቡትንማ በምን ልወቀው» ብላኛለች። በፈተናው የወደቀች ሴት ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ ብዙዎቹም ዳግመኛ ከቤት ለመውጣት አይፈቀድላቸውም።

ስለዚህ ከፈተናው በፊት ጥርሱ በአራተኛው ቅርጽ እንዲሠራ በትሕትና እለምናለሁ። ደንቡ ካላስቻለ በመርፌዋ ስም ይሠራ፤ እኔ በውሰት እጠቀምበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከቀሩት አምስት ጥርሶቼ ጋር፣
የሺአረግ ተድላ
ጡረተኛ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ለልምምድ ለተማሪዎቼ እያነበብኩ አጽፌያቸዋለሁ፤ ግልባጩንም በየቀበሌያቸው ይለጥፉታል። በሠላሳ አንዱም ላይ «ሰብሳቢ» የሚለው ማዕረግዎ «ሸብሻቢ» ሆኖ ተጽፏል። ላርም ቀይ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር፤ የኮሚቴውን የሦስት ወር ሥራ ሳስበው ግን ስህተቱ አልታይ አለኝ።