ስለ ጥቁሩ ምላጭ

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፤ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን

ይድረስ ለልጄ ለቀንበጤ፤

እንዴት ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ጆሮዬም ሐሜት ሲሆን ይሰማል። ፊደሉ ቢንጋደድብሽ በእኔ አትፍረጂ። የሱቁ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ብዕሩን ባሳረፍኩ ቁጥር ይነቃነቃል። ያለፈውን ደብዳቤ ጎረቤት ነበር የጻፈልኝ። ይኼኛውን ግን ሰው አፍ ውስጥ ከማስገባው ሦስት ቀን ቢፈጅብኝም ራሴ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ጥቁሩ ምላጭ ደርሶኛል። ዘይት ቀብተሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ፣ ስለቱ እንዳይነካ ቡሽ ገጥመሽበት። «አባዬ፣ ነጩ ስለተሰበረብህ አዘንኩ። በዚህ ሥራበት፤ እኔ ሌላ አላጣም» ትላለች ወረቀትሽ። ስንቴ እንዳነበብኳት አልነግርሽም።

ልጄ፣ ነጩ ምላጭ አልተሰበረም። ዋሽቼሻለሁ።

ከሥሩ ልንገርሽ። ነጩን ታውቂዋለሽ፤ ባለ አጥንት እጀታውን። ሥራ ያስተማረኝ ሰው የሰጠኝ ነው። ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ «በዚህ ሱቅ ካሉት ውዱ ይኼ ነው» እል ነበር። ማንም ነግሮኝ አይደለም። ስለምወደው ብቻ ውድ አደረግኩት። ጥቁሩን አንዲት ሴት ባሏ ሲሞት አምጥታ ሰጠችኝ። ከበደኝ፣ እጄን አልለምድ አለኝ፤ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

ሥራውን ልማር ስትዪ ደንበኛ ፊት ያልኩሽንም አትረሺውም። «ሴት ምላጭ ይዛ ጉሮሮው ላይ ስትቆም ዝም ብሎ የሚቀመጥላት ሰው ካገኘሽ፣ ወንበሩን እኔው ተሸክሜ አመጣልሻለሁ» አልኩ። ሱቁ በሙሉ ሳቀብሽ። ከጎናችን የሚሠራው ልብስ ሰፊ ብቻ አልሳቀም። ሥራውን ሌላ አገር ልትጀምሪ ስትነሺ እናትሽ ክንዴን ይዛ ባዶ እጇን አትሸኛት፣ ነጩን ስጣት አለችኝ። እሺ አልኳት። ከዚያ ጥቁሩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁሽ። እጅሽን ሲያደክመው፣ ሥራውን ጥለሽ ትመለሻለሽ ብዬ ነው። ለእናትሽ ግን «ከሁሉ የሚበልጠውን ሰጥቻታለሁ» አልኳት። ሱቅ ብቅ ባለች ቁጥር ነጩን ፎጣ ሥር እሸጉጠው ነበር። እንዳመነችኝ ሞተች። ከቀብሯ ስመለስ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ነጩን ከፎጣው ሥር አውጥቼ ከመስተዋቱ ፊት አኖርኩት። ይቺን መስመር ለመጻፍ ነው ሦስቱ ቀን የፈጀብኝ።

ባለፈው ሰሞን የልብስ ሰፊውን ጺም ስላጭ ጆሮው ሥር ቆረጥኩት። «ጨርቅ መሰልኩህ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ሰው ቆረጥኩ፤ እሱ አልሳቀም። ምላጩ ነው አልኩ። ሥጋ ቤቱ ጥግ ተቀምጦ ቢላ የሚስል ሽማግሌ አለ፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣ ነው፤ ባለ ሞረዱ ነው የምንለው። ነጩን ወሰድኩለት። ወደ ብርሃን አንጋጦ አየው፣ በጥፍሩ ነካ አድርጎ ድምፁን ሰማ።

«ተራ ምላጭ ነው፤ ስለቱ ግን ምንም አልሆነም» አለኝ።

ደሜ ፈላ። ተራ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ተሟገትኩት። ተራማ በመሳቢያ የጣልኩት ጥቁሩ ነበር፤ ጭራው ላይ የሁለት ቁልፍ ምልክት የተቀረጸበት ብረት ነው አልኩት። ይሄኔ ሞረዱን መሬት አስቀመጠ። እንደዚያ ያለውን በዕድሜው አንዴ ብቻ እንደያዘ ነገረኝ።

«እሱስ የት አለ?»

«ለልጄ ሰጠኋት።»

«እንዲህ ያለ አባት ለሁሉም ይስጥ» አለኝ። ከልቡ ነው ያለው። በጥፊ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉዴን ስሚ እንግዲህ። ወደ ቤት ስመለስ እንኳ ያሰብኩት አንቺን አልነበረም። እጄ የከዳኝ ደህና ምላጭ ስላጣ ነው ብዬ አሰብኩ። እንጀራሽ እንደሆነ እያወቅኩ ነው ነጩ ተሰበረ፣ ጥቁሩን ላኪልኝ ብዬ ያስጻፍኩት። አንቺ ደግሞ አንድ ቃል ሳትጠይቂ ላክሽው።

ስከፍተው መጀመሪያ ስለቱን አየሁ። እኔ ስስል ጫፉን እጫናለሁ፤ የእኔ ምላጮች በሙሉ ጫፋቸው ተበልቶ አልቋል። በልጅነትሽ ስትስዪልኝ እንደኔ ካልተጫንሽ ብዬ ጣትሽን በማበጠሪያ እመታሽ ነበር። ያንቺው አሥራ አንድ ዓመት ተሠርቶበት ከዳር እስከ ዳር እንደ ተወጠረ ክር ነው። ይህንን ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም።

ልብስ ሰፊውን ጠራሁት። ትንሽ አመነታ፤ ግን ተቀመጠልኝ። ቀኝ ጉንጩ ደህና ሄደ፣ ግራውም ደህና ሄደ። አገጩ ሥር ስደርስ ቆረጥኩት። ባንቺ ምላጭ። ፎጣውን ጫን አድርጎ ይዞ በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ።

«ምላጩን ተወው፣ ወንድሜ» አለኝ።

አሁንም በየቀኑ ይመጣል። ጺሙን አሳድጓል። ወንበሩ ላይ ይቀመጥና ስለ አየሩ እናወራለን፤ ላጨኝ አይለኝም፣ እኔም ልላጭህ አልለውም።

ሁለቱንም ልኬልሻለሁ። ጥቁሩ የሥራሽ ነው፤ ምን እንደያዝሽ ዕወቂ፣ ማንም አያታልልሽ። ነጩን እናትሽ ናት የሰጠችሽ፤ እኔ ነኝ መንገድ ላይ ያስቀረሁት። ተራ ነው። ግን እጀታው አውራ ጣቴ በሚያርፍበት በኩል ጎድጉዷል፤ ያንቺ ጣት ይገባበት እንደሆነ እስቲ ሞክሪው።

ወንበሩ እንዳለ ነው። ቆዳውን ጠግኜዋለሁ፣ ከፍ ዝቅ ማድረጊያውንም ዘይት አጠጥቼዋለሁ። ነይ አልልሽም፤ ሥራ አለብሽ። ወንበሩን ተሸክሜ አመጣለሁ ብያለሁ ግን፤ ያልኩትን ደግሞ አላጥፍም። በምን እንደሚጫን አጠያይቄያለሁ።

ደንበኛ አይጥፋብሽ። እጅሽ እስክታረጂ ድረስ ይርጋልሽ። ፈጣሪ ከእኔ ዓይነቱ ምላስ ይሰውርሽ።

አባትሽ

ለካ አልጨረስኩም። ልብስ ሰፊው ዛሬ ጠዋት ከጠረጴዛው እግር ሥር ካርቶን ሊያስገባልኝ በርከክ ብሎ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ካርቶኑን መልሶ ኪሱ ከተተው። አራቱም እግር እኩል ነው።