የቆምኩበት ሃያ ደቂቃ

ማርች 5
ዛሬም ዘጠኝ ዙር ነዳሁ። የቡሳን ዳገት፣ የሰፈር አውቶቡስ፣ እነዚያው ፌርማታዎች። ማታ የጎልማሶች ትምህርት ቤት። ባለፈው ኦገስት የሁለተኛ ደረጃን ፈተና በአንድ ጥያቄ ነው የወደቅኩት። አሁን ካላለፍኩ ደብተሬን እዘጋለሁ። በቃ።

ማርች 7
ፊዚክስ። አውቶቡስ ወደ ምሥራቅ ስድስት ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ሃያ ደቂቃ ቆመ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ተመለሰ። ጠቅላላ አንድ ሰዓት። አማካይ ፍጥነቱ ወደ ምሥራቅ ስንት ነው?

ስምንቱን ለአርባ ደቂቃ አካፍዬ በሰዓት አሥራ ሁለት አልኩ። መምህር ዶዩን አራት ነው አለ። በአራት ብነዳማ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ይቀድመኛል አልኩት። ክፍሉ ሳቀ። ከልጄ የሚያንስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ በነፃ ነው የሚያስተምረን። ታጋሽ ነው... ከመነሻው የራቀው አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ የተመለሰው ይቀነሳል አለ። እሺ፣ እሱስ ይሁን። ሃያው ደቂቃስ? እኛ ጋ መጨረሻ ፌርማታ የምንቆምበት ከሥራ ሰዓት አይቆጠርም።

"እናቴ፣ ሰዓቱ እኮ አብሮ አይቆምም። የቆሙበትም ይቆጠራል።"

አኮረፍኩ። ምን ሆኜ እንደሆነ እንጃ።

ማርች 19
የአባታችን ሙት ዓመት። ወንድሜ ሳንግዩን ከሴኡል መጣ። የጥርስ ሐኪሙ። ደብተሬን አየና፣ "እትዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?" አለ። ለሙት ዓመቱ የምጠብሰውን ዓሣ ገለበጥኩ። እሱ እንዲማር በአሥራ ስድስት ዓመቴ ጫማ ፋብሪካ የገባሁት እኔ ነኝ። ረስቶት ነው?

ማርች 20
ከትምህርት አርባ አንድ ዓመት ቆሜ... ያም ከተቆጠረ መልሱ ስንት ሊመጣ ነው? ለካ ለዚህ ነው ያኮረፍኩት።

ኤፕሪል 6
ፈተና። ጎረቤቴ የባሕር አረም ሾርባ አመጣችልኝ። በፈተና ቀን የሚያዳልጥ ነገር የበላ ይወድቃል እየተባለ! ጤና የላትም እንዴ? አመስግኜ ደፋሁት።

ጥያቄው መጣ። ባቡር ነው፣ አሥር ደቂቃ ቆሟል። እጄ ሊቀንሰው ሄዶ ነበር። ደመርኩት።

ሜይ 9
አለፍኩ። ዶዩን ከኔ ብሶ አለቀሰ።

ሜይ 12
ሳንግዩን ሳይነግረኝ መጣ። አውቶቡሴ ላይ ወጥቶ ከኋላዬ ተቀመጠ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ሁሉ ወረደ፣ እሱ ቀረ።

"እትዬ... ያኔ ትምህርት ስታቋርጪ አልቅሰሽ ነበር?"

እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እናታችንም።

"አዎ" አልኩት። "ሦስት ቀን።"

አቀርቅሮ ቀረ። መነሻ ሰዓቴ ደረሰ፣ አለፈ። ሞተሩን አላስነሳሁም።