ባንቺአየሁን ያለፋት ጽዋ

ባሕር ዳር፣ ነሐሴ ፲፭

ለማኅበር እኅቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ልጆቹስ? ያ ጉልበትሽስ? ለእሱ የሐዋሳ ሙቀት ይሻለዋል ብለሽኝ ነበር፤ እውነት ያድርግልሽ። እዚህ ክረምቱ በርትቷል፤ ጣናም ሞልቶ እኔና አንቺ እግራችንን ዘርግተን የምናወጋበትን ድንጋይ ውጦታል። እኛ ቤት ሁሉም በጤና አለ። ባለቤቴ አስናቀ የክፍል ኃላፊ ከሆነ ወዲህ አካሄዱ ሳይቀር ተለውጧል፤ ብታዪው ትስቂያለሽ። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ አልጽፍልሽም።

ባለፈው ደውለሽ የባንቺአየሁ እናት ልቅሶ እንዴት ነበር ስትይኝ፣ ደህና ነበር እንዳልሁሽ ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ አይደለም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ባንቺን እጇን ይዘሽ ወደ ማኅበራችን ያመጣሻት አንቺ ነሽና የሆነውን ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈልግም። ወደ አንቺ የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ።

ነገሩ የተነሣው ከምርጫው ነው። በሰኔው ማኅበር፣ ሰብለ ወንጌል ቤት፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲዞር ወሬው ወደዚያው ሄደ። ሰብለ ወንጌል አሁን ሰብሳቢያችን ናት፤ ኮሌጅ ማስተማሯን ሳታነሣ ውላ እንደማታድር ታውቂያለሽ። የተማረ ሰው የእነዚያን ፓርቲ ሊመርጥ አይችልም አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔም ነቀነቅሁ። ባንቺ ጠላ እየቀዳች ነበር። ድምፅዋን ሳታነሣ፣ እኔ እኮ እነሱን ነው የመረጥሁ አለች። ለምን ሲሏት፣ ፋብሪካው ክር አጥቶ ቆሞ እኛ ሠራተኞቹ ቤታችን በተቀመጥንበት ጊዜ መጥተው ምን ትበላላችሁ ያሉን እነሱ ብቻ ናቸው አለች።

ሳቁባት። ሰብለ ወንጌል ምርጫ የፖሊሲ ጉዳይ ነው፣ እንደ ልቅሶ ቤት ማን መጣ ማን ቀረ እየተባለ አይመረጥም አለች። እሷ ራሷ ባሏ ያላትን መርጣ እንደተመለሰች እናውቃለን፤ የእሷ ግን ፖሊሲ ነው። ባንቺም ታውቂያታለሽ፣ ከተነካች አትመለስም። እናንተ ደመወዝ ስለማይቀርባችሁ ረኀብን ከመጽሐፍ ነው ያወቃችሁት፣ ተምራችሁ ያገኛችሁትም ፍርሃት ብቻ ነው አለቻቸው። ይኼም ልክ አልነበረም። ፀደንያ ጦሟን እያደረች ተምራ ነው ነርስ የሆነችው፤ እንባዋ ሲመጣ አየሁ።

ከዚያ ወዲያ ባንቺ በሌለችበት ሁሉ የሚነሣው ስሟ ሆነ። ዘይት ሰጥተዋት ነው ተባለ፣ ዱቄት ነው ተባለ፣ ስምንተኛ ክፍል ያቆመች ሴት ምን ታውቃለች ተባለ። እኛ ቤትም ወሬው ደረሰ። አስናቀ እኔ የሠራሁትን ሽሮ እየጠቀለለ፣ ያልተማረ ሰው ድምፅ እንደ ግማሽ ሊቆጠር ይገባ ነበር አለኝ። ሽሮ ጨመርሁለት።

የነሐሴዋን ኪዳነ ምሕረት የምታወጣው ባንቺ እንደነበረች መቼም አትረሽውም፤ ዕጣውን ያወጣሽላት አንቺ ነሽ። እናቷ ታመው ከመራዊ መጥተው እሷ ዘንድ አልጋ ይዘው ነበር። ጽዋዋ እዚህ ቤት ገብታ ሳላይ አልሞትም ይሉ ነበር። ባንቺም ጌሾዋን አስቀድማ አዘጋጅታለች፤ ከሥራ ስትወጣም የጽዋው መሸፈኛ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ገዝታ ጥለቱን በእጇ ስትሰፋ ከርማለች።

ሐምሌ ፲፮ ፀደንያ ቤት ተሰበሰብን። የማኅበሩ አባት አባ ወልደ ሐዋርያት ጸሎቱን አድርሰው ሲያበቁ ተረኛዋ ትቅረብ አሉ። ባንቺ ጨርቋን ይዛ ተነሣች። ይኼኔ ሰብለ ወንጌል፣ ይቅርታ አባ ብላ ጀመረች። በዓሉ ዓመታዊ ነው፣ እንግዳ ይበዛል፣ የባንቺ ቤት ደግሞ ጠባብ ነው፣ በዚያ ላይ በሽተኛ ተኝቶበታል፤ ለዚህ ወር ብቻ ሰፊ ሳሎን ያላት ብትቀበል አለች። ወደ እኔም ዞረች። አባ ሁላችሁም ተስማምታችሁበታል ወይ ብለው ጠየቁ። ሁሉም ነጠላውን ማስተካከል ያዘ። ያ ቤት ያን ለት የጠበበ ይመስል! ስንቱን በዓል ጉልበት ለጉልበት ተጣብቀን ዘምረንበታል።

ምን ልበልሽ፣ እጄን ዘረጋሁ። ጽዋውን ተቀበልሁ።

ባንቺ አየችኝ። አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ወደ እኔ መጥታ ያን ጨርቅ በገዛ እጇ ጽዋውን አለበሰችው። ለኪዳነ ምሕረት ነው የሰፋሁት፣ ለእናንተ አይደለም አለች። ጫማዋን አድርጋ በዝናብ ወጣች። ሰብለ ወንጌል ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጋ፣ ደግነቱ በጭንቅላቱ የሚያስብ ሰው አላጣንም አለችኝ።

እናቷ በፍልሰታ ጾም እኩሌታ ዐረፉ። ሬሳቸው ወደ መራዊ ተወሰደ። ማኅበሩ ጾሙ ሲፈታ እንሄዳለን ብሎ እስካሁን አልሄደም። እኔ ለአስናቀ ገበያ ብዬው ብቻዬን ሄድሁ። ባንቺ ከተቀመጠችበት ተነሥታ አጠገቧ ቦታ ሰጠችኝ፤ ውኃም አስመጣችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለቀስተኛው ገለል ሲል ጎንበስ ብላ፣ እታለም፣ ጽዋዋ ደህና ናት ወይ አለችኝ። ደህና ናት አልኋት። እናቴ እስከ መጨረሻው ጽዋዋ መቼ ትመጣለች ትለኝ ነበር፤ ነገ ነገ እያልሁ ሸኘኋት አለች። ላምጣልሽ፣ ዛሬውኑ ላምጣልሽ አልኋት።

ቤቴ ጠባብ ነው አለችኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ሳልነግርሽ ይህን ወረቀት ባጥፈው እንቅልፍ አይወስደኝም። የምርጫው ለት እኔና ባንቺ አብረን ነው የተሰለፍነው። ስንጨርስ በሐይቁ ዳር በእግራችን ተመለስን፤ ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ፈጠን ፈጠን እያልን። ቀለም የነካ ጣቷን እያሳየችኝ ማንን እንደመረጠች ነገረችኝና፣ አንቺስ አለችኝ። ለአስናቀ እንኳ ያልነገርሁትን ነገርኋት። ባለችበት ቆማ አቅፋ ሳመችኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ያደረግሁትን በዚህ ከተማ የምታውቅ ሌላ ሰው የለችም። ፀደንያ ቤት አፏን ስትከፍት እኔ ጽዋውን ይዤ ምን ልትል ነው እያልሁ ነበር። አንድ ቃል ይበቃት ነበር።

አሁን ጠላው ደርሷል፤ ድፎው ተደፍቷል፤ ወንበር ከጎረቤት መጥቷል። ጽዋውን ሳሎን ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ። ቅድም አስናቀ ገብቶ ጥለቱን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና፣ ይኼ እንዴት ያምራል፣ ማን ሰፋው አለኝ።

ገዛሁት አልሁት።

ለባንቺ ደውይላት፤ ያንቺን ስልክ ታነሣለች። ኪዳነ ምሕረት ቤትሽን ትጠብቅልሽ፣ የልጆችሽን እድገት ታሳይሽ፣ ጉልበትሽንም ታጽናልሽ። የባንቺን እናት ነፍስ ይማርልን። ለእኔም በጸሎትሽ አስቢኝ፤ ነገ እልል ሲባል እኔም እልል እላለሁና።

ሰፊ ሳሎን ያላት፣
የማኅበር እኅትሽ